ለማዳም ሂንድ ያየሁላቸው ከተማ

ሻምቤሪ፣ ፈረንሳይ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ከበበው
ጅቡቲ፣ ዋራበሌ

ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? ያ ደረቅ ሳልዎስ ለቀቅ አደረገዎት? የእናቴ ወንድም ብቻ ሳይሆኑ በጅቡቲ አባትም እናትም የሆኑኝ እርስዎ ነዎትና ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ያብዛልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ጅቡቲ ላይ በጥር ሹራብ በሚደርቡት ጎረቤቶቻችን ስስቅ እንዳልኖርኩ፣ ይኸው ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምጽፍልዎ።

ብደውል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ድምፅ ቀድቼ ብልክ ደግሞ እርስዎ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው እስኪሰሙ ድረስ ዋራበሌ በሙሉ ቀድሞ ይሰማዋል። ስለዚህ እንደተባባልነው በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ፊደሉን በጣትዎ እያሰፉ ያንብቡት።

በሰላም ገብተናል። አሠሪዬ ማዳም ሂንድ አውሮፕላን ላይ ከእኔ የበለጠ ደፋር ነበሩ። እኔ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ጸሎት ስደግም እሳቸው በዚያ በልጅነታቸው ድሬዳዋ በተማሩት አማርኛ፣ “መነን፣ ደመናውን ንገሪኝ” ይሉኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር “ነጭ ነው” አልኳቸው። “ነጭማ ለኔም ይታየኛል” አሉኝ።

እንደሚያውቁት ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። በቀኙም ብርሃንና ጥላ፣ ሲቀርባቸው ደግሞ የሰው ቅርጽ ብቻ ነው የሚለዩት። ልጃቸው ዓብዱረዛቅ እዚህ የጥርስ ሐኪም ነው። የዓይን ሐኪም ይይሽ፣ እግረ መንገድሽንም አገሩን ጎብኚ ብሎ እኔንም ጨምሮ ያስመጣን እሱ ነው። እሳቸው ግን የመጡት ለሐኪሙ አይደለም። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ በረዶ ልይ ብለው ነው።

ከተማው በተራራ የታጠረ ነው። የኛ የአርታ ተራራ ከእነዚህ አጠገብ ቢቆም ልጃቸው ይመስላል። ከአንዱ ተራራ ጫፍ ትልቅ መስቀል ቆሟል። እታች ቤቶቹ አሮጌ፣ መንገዶቹ ጠባብ፣ መስኮቶቹ ባለ እንጨት መዝጊያ ናቸው። መሀል ከተማው ላይ አራት ዝሆኖች የተሸከሙት ፏፏቴ አለ። ዝሆኖቹ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ስለተሠሩ ግንባርና የፊት እግር እንጂ ከወገብ ወደ ኋላ የላቸውም። የአገሩ ሰው መቀመጫ የሌላቸው አራቱ እያለ ይጠራቸዋል፤ ይቅር ይበሉኝና ስማቸው ይኸው ነው። ለማዳም ስነግራቸው አላመኑኝም። ክንዴን ይዘው ዙሪያውን ካዞሩኝ በኋላ፣ “እውነትሽን ነው፣ በየትም በኩል ስንመጣ ግንባር ነው” ብለው ቆመው ሳቁ። መንገደኛውም አብሯቸው ሳቀ።

ሄሮን ሰፈር ያለው የማዳም ቤት አደራ በእርስዎ ነው። በረንዳ ላይ ያሉትን አበቦች ማታ ማታ ያጠጡልን። ማዳም ረመዳንን ቤታቸው ካልጾሙ ጾም እንደማይመስላቸው ተናግረዋል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት እንመለሳለን። ከዚህ ምን ላምጣልዎ? አያፍሩ።

የእህትዎ ልጅ
መነን

* * *

ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን

ሰላምታዬ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ አልፎ ይድረስሽ። ከብርድ፣ ከሚያዳልጥ መንገድና ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። ሳሉ ለቆኛል። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ስቀመጥ ደህና ነው፣ ስነሳ ይከራከረኛል። ደብዳቤሽን ሱቅ ያለችው ጎረቤቴ ናዒማ ከፍታ አሳየችኝ። የኔንም ፎቶ የምታነሳልኝ እሷ ናት። አማርኛ ስለማታነብ ደግሞ ምስጢራችን አይወጣም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ሄሮን እወርዳለሁ። አበቦቹን አጠጣለሁ። ቁራዎቹ ውሃ ባፈሰስኩ ቁጥር መጥተው እየታጠቡበት ነው፤ አባርሬ አልቻልኳቸውም። አሁን ተላምደናል፣ እነሱ እስኪጨርሱ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባሕሩን አያለሁ። የጥር ነፋስ ደስ ይላል። ይህን ቤት ያሠራው ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነው።

ምን ላምጣልዎ ላልሽው የሱፍ ኮፍያ ይበቃኛል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ምድር ባቡር ጋራዥ በነበርኩ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ አለቃ ነበረን። ሻምቤሪ ላይ ሎኮሞቲቮች እንደ ፈረስ ዙሪያውን የሚያድሩበት ክብ የብረት ቤት አለ እያለ ይነግረን ነበር። መዶሻው ጆሮዬን ሳይጨርሰው በፊት ከሰማኋቸው ወሬዎች መካከል እስካሁን የማምንበት እሱን ነው። ውሸት ከሆነም ውሸት ነው በይኝ። እውነት ከሆነ ሄደሽ እይልኝ።

ትናንት ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ መጥተው ነበር። ዓብዱረዛቅ በስልክ የጻፈላቸውን አሳዩኝና ከፈትኩላቸው። ለቀለም ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ለማዳም ሂንድ አክብሮቴን ንገሪልኝ። ዝሆኖቹን ሳስብ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

አጎትሽ ከበበው

* * *

ሻምቤሪ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎ እንደ ቁራዎቹ ብርቱ ይሁንልኝ። እኛ ደህና ነን።

የፈረንሳዩ አለቃዎ አልዋሸም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ክቡ የብረት ቤት አለ፤ ለጎብኚ በቀጠሮ ይከፈታል። ማዳም የባቡር ሰው አደራ ነው ስላቸው እኔ ካላየሁት ብለው ተነሱ። ጣሪያው ከወፍራም የብረት ምሰሶ ተገጣጥሞ እንደ ግዙፍ ጃንጥላ ተዘርግቷል። በጃንጥላው ሥር አሮጌና አዲስ ሎኮሞቲቮች ፊታቸውን ወደ መሀል አዙረው ቆመዋል። መሀሉ ላይ የሚሽከረከር መድረክ አለ። ባቡሩ እሱ ላይ ይወጣና መድረኩ ዞሮ ወደ ማደሪያው ያስገባዋል። አስጎብኚዋን አጎቴ ጅቡቲ ምድር ባቡር ነበር ብዬ ብነግራት ማዳምን እጃቸውን ይዛ የአንዱን መንኮራኩር አስዳሰሰቻቸው። ማዳም እስከ ክርናቸው በቅባት ጠቁረው፣ “ለከበበው ንገሪው፣ የሱ ባቡር ሽታ ነው” አሉ። ይኸው ነገርኩዎ። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።

በማግስቱ ካቴድራሉ ገባን። ማዳም ቤተ ክርስቲያን ገብተው ስለማያውቁ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ነው የገቡት። እንደ ልማዴ መናገር ጀመርኩ። ግድግዳው በሙሉ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው፣ ቅጠሉ ወጣ ገባ ነው፣ ጥልፍ ይመስላል እያልኩ ስነግራቸው ልዳስሰው አሉ። እጃቸውን ወሰድኩት። ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ። “መነን፣ ይሄ ልሙጥ ነው” አሉኝ። እኔም ነካሁት። ጋሼ፣ ፈጽሞ ልሙጥ ነው። ለካ ፍልፍል የሚመስለው ሁሉ ቀለም ነው። ሰዓሊው ጥላውን አሳምሮ ስለቀባው ዓይን ይታለልበታል። ማዳም እንደዚያ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ “ይህቺ ልጅ ሁለት ዓይን አላት፣ የተታለለችው ግን እሷ ናት” እያሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ሐኪሙ ዘንድም ሄደናል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል አላቸው። የዓብዱረዛቅ ሚስት ክሌር እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ጠብታውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ነገ የት ነው የምንሄደው ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ሄሮኑ ቤት ቀለም ለማዳም አላነሳሁባቸውም። እርስዎም ለጊዜው ለማንም አያንሱት።

መነን

* * *

ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን

በሰላም እንዳለሽ ተስፋዬ ነው። መልስ ያዘገየሁት ናዒማ ስልኬን ስለጣለችው ነው ልልሽ ነበር። ምስኪን ሴት ላይ መዋሸት ደግ አይደለም፤ ያዘገየሁት እኔው ነኝ።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ሁለት የድሮ የጋራዥ ባልደረቦቼን ካርትዬ 2 ሰፈር ድረስ ሄጄ አሳየኋቸው። አንደኛው መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ እኔ ነገርኩት፤ ያኔ ያንቺ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባኝ። የሚሽከረከረውን መድረክ ለማስረዳት ሻይ የቀረበልንን ትሪ ሳዞር ብርጭቆ ሰበርኩ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሱፍ ኮፍያውን ተዪው፣ ጅቡቲ ላይ ማን ያደርገዋል? ዓብዱረዛቅ ስለ መኖሪያ ፈቃድሽ ያለው ነገር አለ? ዕድሉ ቢኖር እዚያ የመቅረት ሐሳብ አለሽ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ። ከዚህ እየተነሱ ወደ የመን በጀልባ የሚሄዱትን ልጆቻችንን በየቀኑ አያለሁ። ባሕሩን ለመሻገር ነፍሳቸውን የሚያስይዙ አሉ። አንቺ ደግሞ በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ቪዛ፣ በሰው ቤት ምግብ እየበላሽ ተሻግረሻል። ይህን አስቢበት።

ቤቱ ደህና ነው። አበቦቹም ደህና ናቸው። ስለ ቀለሙ ለማንም አላነሳሁም።

አጎትሽ

* * *

ሻምቤሪ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

እርስዎም እንደኔ የደበቁኝ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እኔ ልጀምር። ለቀለም የመጡ የመሰሉዎትን ሰዎች ነገር ሲጽፉልኝ ዓብዱረዛቅን ጠየቅኩት። ወደ ከተማ እንውጣ አለኝ። እዚህ ከዝሆኖቹ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስድ ትልቅ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ባለ ቅስት በረንዳ ሆኖ ሱቆቹ በጥላ ሥር ናቸው፣ ልክ እንደኛው ምኒልክ አደባባይ። ቀደም ብሎ ማዳም በክንዴ ሆነው ሲሄዱበት የእግራቸውን ድምፅ ሰምተው “ጅቡቲ ገባን?” ብለው ያሾፉበት መንገድ ነው። እዚያ ነው የነገረኝ።

የሄሮኑን ቤት ሊሸጠው ነው። እናቱ ከእንግዲህ ወደ ጅቡቲ አይመለሱም፣ እሱ ዘንድ ይኖራሉ። እኔም አብሬያቸው እንድቀር መኖሪያ ፈቃዱን እሱ ሊጨርስልኝ ነው። ሽያጩ እስኪያልቅ ግን ለማዳም እንዳልነግራቸው ለመነኝ። መጥፎ ሰው አይደለም ጋሼ። ባለፈው ክረምት ማዳም ደረጃው ላይ ወድቀው እኔ ገበያ ሄጄ ስለነበር ብቻቸውን መቆየታቸውን ሲያነሳ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በጠራ ቁጥር እንደሚደነግጥ ነገረኝ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ክንዳቸውን ይዤ ከተማውን እያዞርኩ ነው። የመሳፍንቱን ቤተ መንግሥት አይተናል፣ እዚያው ማማ ላይ ያሉት ብዙ ደወሎች እንደ ዘፈን ሲደወሉ ሰምተናል። በቤቶች ሆድ ውስጥ ገብቶ በሌላ መንገድ በሚወጣው ቀጭን መተላለፊያ ሁሉ ተሽሎክልከናል። ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። የማውቀውን ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ደግሞ ለረመዳን ከዚህ የሚወስዱትን ቴምር ይመርጣሉ።

ምን ላድርግ? እርስዎስ ምን ያውቃሉ?

መነን

* * *

ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መነን

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ናዒማ ሱቋን ልትዘጋ ስለሆነ።

ቀለም ቀቢዎች እንዳልነበሩ ያወቅኩት ጥር አጋማሽ ላይ ነው። አንደኛው ከይረዲን የሚባል የቤት ደላላ ነው፣ አማርኛም ሶማልኛም የሚናገር። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ለፎቶ እንዲያምር ብለው ወንበሩን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የበረንዳውን ጠረጴዛ ሁሉ ከቦታው አንስተው አዛወሩት። ያኔ ገባኝ። ያልጻፍኩልሽ የጉብኝትሽ ደስታ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ሌላም አሰብኩ፤ ቤቱ ከተሸጠ አንቺ እዚያ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ደግሞ ላንቺ መልካም ነው አልኩ።

አሁን ግን ነገሩ ወጥቷል። ትናንት ከይረዲን ገዢ ይዞ በሩ ላይ አገኘኝ። ጆሮዬ አጠገብ መጥቶ በሹክሹክታ አንድ ነገር አለኝ። ምን አልክ አልኩት። ትንሽ ጮክ አለ። አሁንም አልሰማሁትም፤ በእውነት ነው የምልሽ፣ በኋላ የሆነውን ሳየው ግን ብሰማውም አልሰማሁም እል ነበር። በመጨረሻ እጁን አፉ ላይ እንደ መለከት አድርጎ፣ “የማዳም ሂንድ ቤት ሊሸጥ ነው፣ ገዢው መጥቷል፣ በሩን ክፈት” ብሎ ጮኸ። የማዶው ቤት ሴቶች በረንዳ ላይ ወጡ። መኪና የሚያጥበው ዘበኛ ቱቦውን ይዞ መጣ። የቀኝ ጎረቤቷ፣ ያቺ ከማዳም ጋር ሁልጊዜ ዓሣ የሚላላኩት፣ መቼ ነው የምትሸጠው፣ ለምን አልነገረችንም እያለች ገዢውን ትጠይቀዋለች። ገዢው አፍሮ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳይገቡ ሄዱ።

ያቺ ጎረቤት ዛሬ ነገ ስልክ መደወሏ አይቀርም። ስለዚህ ማዳም ከሰው አፍ ሳይሰሙ አንቺው ንገሪያቸው። ዓብዱረዛቅ ቢቆጣሽም ይቆጣሽ።

ስላንቺ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። የመቅረት ዕድል ካለሽ ቅሪ። እኔን አትቁጠሪኝ። ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ ሚኒባስ አለኝ፣ ናዒማ አለችኝ።

ከበበው

* * *

ሻምቤሪ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎን ከመጠየቄ በፊት ልንገርዎ፤ ተነግሯቸዋል።

ትናንት ዓብዱረዛቅ በመኪናው በረዶ ወዳለበት ተራራ ወሰደን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ዛፎቹ ውስጥ ይወጣና ድንገት ዓለም ነጭ ይሆናል። የአሳል ሐይቅን ጨው ያስቡት፤ እሱን በተራራ፣ በጣሪያ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሁሉ ዘርግተው ያስቡት። ለማዳምም እንደዚሁ ነው የነገርኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁና አንድ እፍኝ ዘግነው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። “ጨው አይደለም” አሉ። “ዓይንሽ ዛሬም አታሎሻል።” ከዚያ ደግሞ ፊታቸውን አጠቡበት፣ አንገታቸው ሥር ጨመሩት፣ ትንሽ አድቦልቡለውም እኔ ላይ ወረወሩ። ዘጠኝ ክንድ ራቀኝ እንጂ አሳምረው ነው የወረወሩት። ልጃቸው ሳቁ አላስቆም ብሎት ትኩስ ነገር ላምጣላችሁ ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ።

ከዳገቱ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እዚያ ነገርኳቸው። ቤቱን፣ ደላላውን፣ ዓብዱረዛቅ ዝም በይ ማለቱን፣ እኔም ዝም ማለቴን።

ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቁኝ። አሁን ሄሮን በሙሉ ያውቃል አልኳቸው።

“እንግዲያው የመጨረሻዋ እኔ ነኛ” አሉ።

ላለቅስ ስል ክንዴን ጨበጡ። “አሁን አይደለም። ፊት ለፊት ያለውን ንገሪኝ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት።”

ነገርኳቸው። እታች ረጅሙ ሐይቅ እንደ ቢላዋ ስለት ሰማያዊ ሆኖ ተጋድሟል። በሌላው በኩል ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ፣ ከሁሉም ኋላ ትልቁ ነጩ ተራራ ብቻውን ከደመና በላይ ወጥቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት ጫፉ ትንሽ ወርቅማ ይሆናል። እሳቸው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው፣ ያለቻቸውን ብርሃን ሰብስበው ያዩ ነበር። ልጃቸው ኩባያዎቹን ይዞ ሲመለስ ትኩስ ቸኮላቱን ጠጡ፣ አመሰገኑት። ተራራው ላይ ምንም አላነሱም።

ዛሬ ምሳ ላይ ግን አነሱት። ዐረብኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ ነበርና የገባኝን ልጻፍልዎ። ዓብዱረዛቅ ቀድሞ እኔን አየኝ። እሳቸው መልኩን እንዳዩት ሁሉ፣ “መነንን ተዋት፣ አንተ ሸክምህን አሸክመሃት ነው” አሉት። እሱም ስለ መውደቃቸው፣ ስለ ፍርሃቱ ሁሉንም ተናገረ። እስኪጨርስ ጠበቁት።

“ልጄ፣ እኔ ቤቴ ውስጥ ዕውር አይደለሁም” አሉ። “ከአልጋዬ ስነሳ ግድግዳው ይመራኛል። ነፋሱ በሩን፣ የባሕሩ ድምፅ መስኮቱን ያሳየኛል። የሻይ ብርጭቆዬን ማንንም ሳልጠይቅ አነሳለሁ። እዚህ ግን መነን ክንዷን ካልሰጠችኝ ውሃ አልጠጣም። ከተማህ ቆንጆ ነው፣ ደጋግሜ መጥቼ አየዋለሁ። ያን ቤት የሸጥክ ዕለት ግን ዕውር እሆናለሁ።”

“ብትወድቂስ፣ እማዬ?”

“እዚህም እወድቃለሁ። እዚያ ብወድቅ የት እንደወደቅኩ አውቀዋለሁ።”

ዓብዱረዛቅ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ክሌር ሳህኖቹን አነሳች፣ እኔም ረዳኋት። ሲመለስ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ ነበር። ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ለደላላው ደውሎ ሽያጩን መተዉን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ድርድር ሆነ። ደረጃው ላይና መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት ይገባል። ከፎቁ ወርደው ምድር ቤት ይተኛሉ። እሱ ለበዓል ይመጣል፣ እሳቸው በየክረምቱ የጅቡቲን ሙቀት ሸሽተው እዚህ ይመጣሉ። ማዳም በመጨረሻው ላይ ብዙ አልተከራከሩም። ከዝሆኖቹ ጋር ገና አልጠገቡም።

አሁን ስለ እኔ። ዓብዱረዛቅ ቃሉን አላጠፈም። ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት የሚያስተዳድር ወዳጅ አለው፣ እዚያ አስተምረው ሊቀጥሩኝ ይችላሉ። ማዳምም ለብቻ ጠርተውኝ፣ “ለኔ ብለሽ እንዳትመለሺ። ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ እንዳንቺ አያወራልኝም እንጂ” አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ከመጣን ጀምሮ ብቻዬን የወጣሁት ዛሬ ነው። በአሮጌው ከተማ መተላለፊያዎች ስዞር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ለካ ማንም ሳይሰማኝ እያወራሁ ነው፤ እዚህ ጋ የብረት ፋኖስ አለ፣ እዚህ ጋ ድመት መስኮት ላይ ተኝታለች እያልኩ።

ጋሼ፣ እመለሳለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፣ በደንብ ልማረውም እፈልጋለሁ። ተመልሼ ከማዳም ጋር ቁጭ ብለን ተደራደርን። ጠዋት ጠዋት ጅቡቲ የነርስ ረዳት ትምህርት እገባለሁ፣ በዚያ ሰዓት የጎረቤቷ ልጅ ትቆይላቸዋለች። ከኩሽናው ጎን ያለው ጠባብ ክፍሌ ቀርቶ ባሕሩን የሚያየውን እወስዳለሁ። ሁሉንም እሺ አሉ፣ ሁለተኛውን ትንሽ አጉረምርመው። ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ እዚህ መምጣት ከፈለግኩ ከማዳም ጋር በየክረምቱ ስለምመላለስ መንገዱን አውቀዋለሁ። ለእርስዎ ብዬ እንዳልተመለስኩ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ባይቆጡኝ ደስ ይለኛል።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ዕቃው ከቦታው መነሳቱን ስነግራቸው ማዳም የቤቱን ሽያጭ ሲሰሙ ከደነገጡት በላይ ደነገጡ። አንድ ወንበር ቢዛነፍ ይሰናከላሉ። ስለዚህ እሳቸው እንደነገሩኝ ልጻፍልዎ። ቁም ሳጥኑ መስኮቱን ሳይሸፍን ከጎኑ ይቁም። ትልቁ ወንበር ከበሩ ሲገቡ በቀኝ እጅ፣ ክንድ ሲዘረጋ ጀርባው የሚነካበት ቦታ ይሁን። የበረንዳው ጠረጴዛ ከምሰሶው ጋር ይጠጋ፣ በሱና በግድግዳው መሀል አንድ ሰው ይለፍ። ምንጣፉ ከተነሳ ይነሳ፣ ሁሌም አይወዱትም ነበር።

መነን

* * *

ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን

እንደምን ከርመሻል። የኛ ጾም ገብቷል፣ የእነሱም ሊገባ ነው፤ ናዒማ ሱቅ ውስጥ ቴምሩ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ለሁላችንም የሰላም ጾም ያድርግልን።

ያዘገየሁት ተቆጥቼ ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ሲያበቃ ባሕሩ ዳር ራስ ዲካ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰደብኩሽ። እንደዚህ ያለ ዕድል በእጇ ገብቶ አልኩ፣ ያ ሁሉ ልጅ በጀልባ የሚሞትለትን አልኩ። አጠገቤ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ በሶማልኛ ጮክ ብሎ ምን ሆነህ ነው አለኝ። የእህቴ ልጅ ከፈረንሳይ ልትመለስ ነው አልኩት። ታዲያ ለምን እየሳቅክ ትቆጣለህ አለኝ። ፊቴን አላየሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ መቆጣቱ አልሄደልኝም፣ ተነስቼ ዓሣ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ትምህርቱ ይሁንልሽ። ባሕሩን ወደሚያየው ክፍል አልጋሽን አዛውሬዋለሁ። በጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት መጋረጃ ያስፈልገዋል፣ እሱን አንቺ ምረጪ።

መያዣ ብረቶቹን ዓብዱረዛቅ የላከው ሠራተኛ ገጥሟቸዋል። እኔ ሁሉንም ተንጠልጥዬ ሞከርኳቸው፤ ሎኮሞቲቭ ይሸከማሉ።

ዕቃዎቹን ደግሞ እንደጻፍሽልኝ መለስኩ። ዓሣ የምትላላከው ጎረቤትና ዘበኛው ቁም ሳጥኑን አነሱልኝ። ሁሉም ቦታውን የያዘ መሰለኝ። ሲሄዱ ግን ሐሳብ ገባኝ፤ በዓይኔ አይቼ ልክ ነው ማለቴ ለማዳም ምን ይጠቅማቸዋል? ስለዚህ በሩን ዘጋሁና ዓይኔን በፎጣ አሰርኩ። በመጀመሪያው ዙር ጉልበቴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት፣ ትንሽ ገፋ አደረግኩት። በሁለተኛው ትልቁ ወንበር እጄ ሊደርስበት ካለው ቦታ ርቆ አገኘሁት፣ ሳብኩት። እኔ እንደምታውቂው ባሕሩን አልሰማውም፤ ነፋሱ ግን ግራ ጉንጬን ሲነካኝ መስኮቱ የት እንዳለ አወቅኩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከምድር ቤቱ አልጋ ተነስቼ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ ወንበሩን ነክቼ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል አልፌ ምንም ሳይነካኝ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ፎጣውን ስፈታ ቁራዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩኝ ነበር።

ቤቱ ተዘጋጅቷል በያቸው። አውሮፕላን ጣቢያ እጠብቃችኋለሁ።

አጎትሽ ከበበው